የቢስክሌት ሽርሽርና የጋይንት ጎዳና

በአውሮፓ አገሮች የዕረፍት ጊዜን በቢስክሌት እየተዘዋወሩ ማሳለፍ የቆየ ልማድ መሆኑ ይታወቃል። ከጀርመን ከተማ ከፓሳው ተነሥቶ የዳኑብን ወንዝ ተከትሎ እስከ ቪየና የሚወርደው፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው መንገድ እጅግ ከታወቁት አንዱ ነው። በዚያ የሚጓዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስፖርተኛ አይደለም፤ ጡረታ የወጣ መምህር ወይም ልጆቹን ያስከተለ የቢሮ ሠራተኛ ይሆናል። በቀን 40 ወይም 60 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ይደክመዋል፤ በደከመበትም ቦታ ያድራል።

የንግዱ ምሥጢር ከዚሁ ላይ ነው። በአውቶሞቢል የሚጓዝ እንግዳ ትናንሾቹን ከተሞች በመስኮት እያየ ያልፋቸዋል። በቢስክሌት የሚጓዘው ግን ምሳውን ከአንዱ፣ እራቱንና መኝታውን ከሌላው ሳይገዛ አያልፍም። ስለዚህ ገንዘቡ ለዳቦ ጋጋሪው፣ ለባለ ማደሪያውና ለጎማ ጠጋኙ ይዳረሳል። የጉዞ ወኪሉም ቢስክሌት ያከራየዋል፤ ሻንጣውንም በመኪና ወደሚቀጥለው ማደሪያ አስቀድሞ ያደርስለታል።

በኢትዮጵያ ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ የሚስማማ ስፍራ ቢፈለግ የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ከቀዳሚዎቹ ሊቈጠር ይገባዋል። በደርግ ዘመን ቻይናውያን መሐንዲሶች የሠሩት የወልድያና የወረታ መንገድ ጋሸና ላይ ከላሊበላ ጎዳና ጋር ይገናኛል፤ በጨጨሆ በኩል ወደ ነፋስ መውጫ ይዘልቃል፤ የጉናን ተራራ ታኮ ክምር ድንጋይንና ደብረ ታቦርን ካለፈ በኋላ ወደ ፎገራ ሜዳ ይወርዳል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን የሴባስቶፖልን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ አገር መንገድ እያስጠረጉ ሲሆን፣ ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል።

የዛሬው ተጓዥ ግን አቅጣጫውን ቢገለብጠው ይሻለዋል። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ታቦር 2,700፣ ወረታ ደግሞ 1,800 ገደማ ከፍታ አላቸው። ከጋይንት የተነሣ እንግዳ በመካከሉ ዳገት ቢያጋጥመውም በጠቅላላው እየወረደ ይሄዳል። እስቴና ስማዳ ከዋናው ጎዳና ገለል ያሉ ቢሆኑም፣ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚመለከተው ዳርቻቸው አንድ ተጨማሪ ቀን የሚያስቆይ ነው። የደጋው ድንች፣ ገብስና ማር በዚያው በማዕድ ላይ ሲቀርብ፣ ገበሬው ምርቱን ባሕር ሳያሻግር ለውጭ አገር ሰው ሸጠ ማለት ነው።

ቢስክሌት ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። አገሪቱ በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ስትሰለፍ ከሯጮቿ ጋር ቢስክሌተኞችም ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ጉዳዩ የነጋዴውን ዝግጅት ይጠይቃል። አስመጪው ለዳገት የሚሆን ባለ ብዙ ማርሽ ቢስክሌት ቢያመጣም፣ ጎማው፣ ካላማዳሪው፣ ሰንሰለቱና የፍሬን ጎማው በአዲስ አበባ መጋዘን ብቻ ከተቀመጡ፣ በክምር ድንጋይ ዳገት ላይ የተበጠሰ አንድ ሰንሰለት የሳምንቱን ጉዞ ያበላሻል። የደብረ ታቦርና የነፋስ መውጫ ባለ ሱቆች ጥቂት መለዋወጫ፣ ባለ ማደሪያዎቹም ንጹሕ አልጋና ሙቅ ውሃ ማሰናዳት ይኖርባቸዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ግን አንድ ነገር አለ። ነፋስ መውጫ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ደርሶባታል፤ በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም የእንግዳን እግር ከአካባቢው አርቋል። በአውቶሞቢል የሚጓዝ ሰው አስጊውን ስፍራ ፈጥኖ ለማለፍ ይሞክር ይሆናል። ቢስክሌተኛው ግን ዝግ ብሎ የሚሄድ፣ መሣሪያም ከለላም የሌለው መንገደኛ ነውና ያለ ሰላም አይመጣም። ስለሆነም በጋይንት ጎዳና ላይ ሰላም መስፈኑን ከሁሉ ይልቅ የሚያረጋግጠው፣ ማንም ሳያጅበው ብቻውን በቢስክሌት የሚያልፍ እንግዳ ይሆናል። ያ ቀን ሲደርስ ማደሪያውንና ዕቃውን አሰናድቶ የሚጠብቅ ነጋዴ የድካሙን ዋጋ ያገኛል።