መንግሥታትን የሚጠይቁ 18 ሰዎች

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የዘር መድልዎ አስወጋጅ ኮሚቴ ጄኔቫ ላይ ሲሰበሰብ በአንድ ወገን 18 ባለሙያዎች፣ በሌላው ወገን የአንድ አገር መንግሥት ልዑካን ይቀመጣሉ። ጥያቄው ይወርዳል። ፖሊሶቻችሁ መንገድ ላይ የሚያስቆሙት የትኛውን ሰው ነው? የአናሳ ብሔረሰብ ልጆች በምን ቋንቋ ይማራሉ? በዘር መድልዎ ስንት ሰው ከሰሰ፣ ለስንቱስ ተፈረደለት? አንድም ክስ ቀርቦልን አያውቅም ብሎ የሚኮራ መንግሥት ካለ ኮሚቴው አያመሰግነውም። ተበዳዩ መብቱን ሳያውቅ ቀርቶ፣ ፖሊስን ፈርቶ ወይም በፍርድ ቤቱ ተስፋ ቆርጦ ይሆናልና።

ኮሚቴውን የወለደው ስምምነት የመጣው ከክፉ ዘመን ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1959 የገና ሰሞን በጀርመን ኮሎኝ ከተማ የአይሁድ ምኩራብ ግድግዳ ላይ የናዚ ምልክት ተቀባ፤ ድርጊቱ በሳምንታት ውስጥ ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። ብዙም ሳይቆይ መጋቢት 21 ቀን 1960 የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ ሻርፕቪል ላይ የይለፍ ወረቀት ሕግን በተቃወሙ ጥቁሮች ላይ ተኩሶ 69 ሰዎችን ገደለ። በዚያው ዘመን ነፃ የወጡት የአፍሪካ አገሮች ጉዳዩን አንለቅም አሉ። ስምምነቱ ታኅሣሥ 21 ቀን 1965 ጸደቀ፤ በ1969 ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ 182 አገሮች አባል ናቸው። የሚከለክለውም በቆዳ ቀለም የሚደረገውን መድልዎ ብቻ ሳይሆን በትውልድ ሐረግ፣ በብሔርና በጎሣ የሚደረገውንም ነው። አናሳዎች አቤቱታቸውን ይዘው ወደዚህ ኮሚቴ የሚመጡትም ለዚህ ነው።

ኢትዮጵያ በዚያ ትግል ውስጥ ተመልካች አልነበረችም። በ1960 ከላይቤሪያ ጋር ሆና፣ ደቡብ አፍሪካ በዛሬዋ ናሚቢያ አፓርታይድን ጭናለች ብላ ዘ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ክርክሩ ስድስት ዓመት ገደማ ፈጀ። በ1966 ዳኞቹ 7 ለ 7 ተከፈሉ፤ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅም ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ተብሎ ክሱ ወደቀ። የሚያስቆጭ ፍርድ ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ በግዛቲቱ ላይ የነበራትን የሞግዚትነት ሥልጣን ሰረዘ።

የኮሚቴው አባላት በአገሮች ለአራት ዓመት ይመረጡ እንጂ መንግሥታቸውን አይወክሉም። ስምምነቱ እያንዳንዱ አገር በየሁለት ዓመቱ ሪፖርት እንዲያቀርብ ያዛል፤ ብዙዎቹ ግን ያዘገያሉ። በ1976 አባል የሆነችው ኢትዮጵያ በ2009 የቀረበችው ከ7ኛ እስከ 16ኛ ያሉትን ሪፖርቶች በአንድ ጠርዛ ነው። ደግነቱ ኮሚቴው የሚያነበው መንግሥት የጻፈውን ብቻ አይደለም። የመብት ማኅበራትና አናሳዎቹ ራሳቸው የሚልኩት ጽሑፍም ጠረጴዛው ላይ አለ፤ በእኔ እምነት የኮሚቴው ትልቁ ጉልበት ይህ ነው።

ተራ ሰውም ራሱ ሊከስ ይችላል። ዴንማርክ ውስጥ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያለው አንድ ቱኒዚያዊ ለመኪናው የስርቆት ማስጠንቀቂያ ደወል በብድር ለመግዛት ጠየቀ፤ ዜግነትህ ዴንማርካዊ አይደለም ተብሎ ተከለከለ። ፖሊስም ጉዳዩን በወጉ ሳይመረምር ፋይሉን ዘጋ። ኮሚቴው በ1999 ዴንማርክ ስምምነቱን ጥሳለች አለ፤ ሰውየው እንዲካስ፣ በብድር አሰጣጥ ላይ ያለው መድልዎም እንዲታረም አሳሰበ። ጉዳዩ የአንድ መኪና ደወል ነው። መድልዎ ግን ብዙ ጊዜ ሰውን የሚያገኘው እንዲህ ባለ ቦታ፣ በባንክ መስኮት፣ በቤት ኪራይ፣ በሥራ ማመልከቻ ላይ ነው።

የአውስትራሊያው ጉዳይ ደግሞ ትዕግሥት የጠየቀ ነበር። ቱዉምባ በምትባል ከተማ አንድ የስታዲየም ትሪቡን በአንድ ነጭ ተጫዋች ቅጽል ስም ተጠርቶ ነበር፤ ቅጽሉ ጥቁሮችን የሚያዋርድ ስድብ ነው። አንድ የአገሬው ተወላጅ ስሙ ይነሣ ብሎ ከሰሰ፤ በአገሩ ፍርድ ቤቶች ተረታ። ኮሚቴው በ2003 ስሙ እንዲነሣ ቢጠይቅም ጽሑፉ ዓመታት ቆየ፤ ትሪቡኑ በ2008 ሲፈርስ ስሙም አብሮ ቀረ። ኮሚቴው ፖሊስም እስር ቤትም የለውም። ያለው ቃሉና ያንን ቃል ይዘው የሚጮኹ ሰዎች ናቸው።

ለመክሰስ በቅድሚያ የአገሩን ፍርድ ቤቶች መጨረስ ያስፈልጋል፤ ከመጨረሻው ውሳኔ በኋላ ያለው ጊዜ ስድስት ወር ነው። ከሁሉ በላይ አገሩ የግለሰብ አቤቱታን እቀበላለሁ ብሎ ያስታወቀ መሆን አለበት። ጀርመን፣ ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ጣሊያንና ደቡብ አፍሪካ አስታውቀዋል። ስለዚህ በርሊን ወይም ስቶክሆልም ለሚኖር ወገናችን ይህ በር ክፍት ነው። አሜሪካ፣ እስራኤል፣ ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ስምምነቱን ቢቀበሉም ይህን በር አልከፈቱም፤ እዚያ ያሉት እህቶቻችንና ወንድሞቻችን በግል ሊከሱ አይችሉም።

ኢትዮጵያም አልከፈተችም። ሰው በማንነቱ ምክንያት የተፈናቀለባትና የተገደለባት አገር ናት፤ ስለ ናሚቢያውያን ዘ ሄግ ድረስ የሄደች አገርም ናት። ለራሷ ዜጎች ይህን በር መንፈግ የለባትም። ለመክፈት የሚያስፈልገው ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ የሚላክ አንድ መግለጫ ነው።