ኩኩሉ በእንጦጦ

ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች በአንዱ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ይኖራል። የእኅቴ ልጅ ነው። አባቱ ሦስት እሑድ «እንጦጦ እወስድሃለሁ» ብሎት፣ ሦስቱንም እሑድ ሥራ ጠርቶት ቀርቷል። ልጁ አያለቅስም፤ ይቆጥራል። በሐምሌ ወር አራተኛው እሑድ ሲደርስ ሥራው አልጠራም፤ በፈንታው ዝናም መጣ።

ኮዬ ፈጬን በክረምት የረገጠ አንባቢ ነገሩን ያውቀዋል። አፈሩ መረሬ ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ደግሞ ጫማ ሥር ተጣብቆ ሰውን አንድ ስንዝር ያስረዝመዋል። አባትዬው በመስኮት አሻግሮ አየና «ለሚመጣው እሑድ ይሁን» አለ። ልጁ አንድ ቃል ሳይናገር ቁጭ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ይህን ጊዜ የአባቱ እናት፣ መንዝ ተወልደው ያደጉት እምዬ፣ ጋቢያቸውን ደረብ አድርገው «ዝናም ሰው አይበላም፤ ተነሡ!» አሉ። ተነሣን። እኅቴ ተረኛ ነርስ ስለ ነበረች ብቻ ቀረች።

አሁን የጉዟችንን ምክንያት ማስረዳት ይገባኛል። የምንሄደው ቆርቆሮ ፍለጋ ነበር። ጨዋታው በፈረንጅ አፍ ጂኦካሺንግ ይባላል፤ ነገር ግን በልጅነታችን «ኩኩሉ» ስንል «አልነጋም» እየተባልን የተጫወትነው ድብብቆሽ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ልዩነቱ፣ የሚደበቀው ሰው ሳይሆን ዕቃ መሆኑ፣ ፈላጊውን የሚመሩትም ከምድር 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩ ሳተላይቶች መሆናቸው ነው።

ሳተላይቶቹን የአሜሪካ መንግሥት ያመጠቀው ለጦር ሠራዊቱ ሲል ነበር። ለሲቪሉ ሕዝብ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለ ነበር፣ ያለበትን ቦታ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው መልስ እስከ 100 ሜትር ያህል ይስት ነበር። ማዛባቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ቀረ። በማግስቱ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪጎን ግዛት፣ ከፖርትላንድ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ጫካ ውስጥ አንድ ባልዲ ደበቀ። መጻሕፍትና አንድ ቆርቆሮ ባቄላም ጨመረበት፤ የቦታውንም ቁጥር ለሌሎች አስታወቀ። ያገኘ ሰው አንድ ነገር ወስዶ አንድ ነገር ይተዋል፣ ስሙንም በደብተሩ ላይ ይጽፋል። ዛሬ በዓለም ላይ እንዲህ የተደበቁት ዕቃዎች ከሦስት ሚሊዮን ይበልጣሉ። ባቄላው ግን ተከታይ አላገኘም፤ ምግብ አውሬ ስለሚጠራ በዛሬው ደንብ ክልክል ነው።

የእኛን ቆርቆሮ የደበቀልን ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ለጥበቃዎቹ አስታውቆ፣ መሬትም ሳይቆፍር (መቆፈር በደንቡ አይፈቀድም) አንድ ሥፍራ አኑሮ ቁጥሩን በብዕር ጽፎ ሰጠኝ። በብዕር መጻፉን ልብ ይሏል።

ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጠን፣ በሽሮ ሜዳ በኩል ሽቅብ ወጥተን በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ስንደርስ ጭጋጉ የባሕር ዛፎቹን ጫፍ ውጦት ነበር። አባትዬው ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ስለ መጫናቸው መተረክ ቢጀምር የሚሰማው አላገኘም። ልጁ ያሳሰበው ሌላ ነው። «ጋሼ፣ ዝናሙ ሳተላይቱን አያጠፋውም?» አለኝ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ዝናምና ደመና ምልክቱን እምብዛም አይጎዱትም፤ የሚያደክመው ጥቅጥቅ ያለ እርጥብ ቅጠል፣ የሚያሳስተው ደግሞ ረዥም ግንብ ነው። በእኛው በኮዬ ፈጬ ሕንጻዎች መካከል ምልክቱ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ አንዳንዴ ስልኩ የእኛን ቤት ጎረቤት ብሎክ ውስጥ ያደርገዋል።

የአሥራ አንድ ዓመቷ እኅቱ ቁጥሩን ከወረቀቱ ወደ ስልኩ አስገባች፤ ስልኩ መራን፤ «ደርሳችኋል» አለን። ምንም የለም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቅጠል ገለጥን፣ ጉቶ ዞርን፤ ውሃው በአንገታችን ገባ። አባትዬው ሰዓቱን አየ። ልጁ አባቱን አየው።

ልጅቱ ወረቀቱን እንደገና ከኪሷ አወጣች። ቀለሙ በዝናም ፈርሶ ነበር። «ጋሼ፣ ይህ 8 ነው ወይስ 3?» አለች። የኬክሮሱ ቁጥር 9 ዲግሪ ከ5.18 ደቂቃ ሳይሆን ከ5.13 ደቂቃ ነበር ማለት ነው። አንድ የኬክሮስ ደቂቃ በምድር ላይ 1,852 ሜትር ያህል ነው፤ የ0.05 ደቂቃ ስሕተት 93 ሜትር ይሆናል። ይህን ያሰላችው እርሷ ናት፤ የዩኒቨርሲቲ ምሩቁ አጎቷ ጃንጥላ ይዞላት ነበር።

93 ሜትር ወደ ደቡብ ወረድን። እዚያም ቢሆን ስልክ አምስትና አሥር ሜትር ስለሚስት፣ የቀረው የዓይን ሥራ ነው። እምዬ እስከዚያ ድረስ አንድም ነገር አልፈለጉም ነበር፤ ዘንጋቸውን ተደግፈው ይመለከቱን ነበር። በኋላ ግን ከአንድ ጽድ ሥር በዘንጋቸው ጠቆሙና «ይኸን ድንጋይ ሰው ነክቶታል» አሉ። እንዴት አወቁ? «የድንጋይ ሽበት ከላይ ነው የሚበቅለው። የዚህ ሽበቱ ከታች፣ አፈሩ ከላይ ሆኗል።» ልጁ ድንጋዩን ገለበጠው፤ የወተት ዱቄት ቆርቆሮው በላስቲክ ተጠቅልሎ እዚያው ነበር።

በውስጡ ደብተር፣ እርሳስ፣ አንድ ቁልፍና አንድ ብይ አገኘን። ልጁ ብዩን ወሰደ። ምን እንተው ስንባባል እምዬ ከነጠላቸው ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅለው ጣሉበት። አባትዬው በጋቢያቸው ጥላ ሥር ሆኖ ስማችንን በተራ ሲጽፍ ልጁ «አራተኛው እሑድ ብለህ ጻፍ» አለው። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ጻፈ።

አሁን በኮዬ ፈጬ ከሕንጻችን ጀርባ ሁለተኛ ቆርቆሮ አለ። ቁጥሩን ልጅቱ ለጎረቤት ልጆች በእርሳስ ጽፋ አድላለች። ትናንት ከፍቼ ብቈጥር በደብተሩ ላይ የሰባት ልጆች ስም አገኘሁ፤ ከእንጦጦ የመጣው ብይ ግን ሄዷል።