ግድብ ሥር የሚከማቸው ፕላስቲክ

ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የወረደ ዝናብ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ደብረ ብርሃን ላይ የዘነበው በበሬሳ በኩል ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይገባል፤ ከአንኮበር ገደል ወዲያ ያለው ደግሞ ወደ አዋሽ ቆላ ይወርዳል። ሁለቱም አቅጣጫ ግድብ አለበት። በዓባይ በኩል ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ይጠብቃል። በምሥራቅም ከዚሁ ዞን ተነሥቶ ወደ አፋር የሚወርደውን ከሰምን የከሰም ግድብ ይይዘዋል። ወንዞቹ ታዲያ ውኃና አፈር ብቻ ይዘው አይወርዱም፤ ማይክሮፕላስቲክም ይጭናሉ።

ማይክሮፕላስቲክ የሚባለው ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ የፕላስቲክ ቅንጣት ነው። አጥር ላይ ተሰቅሎ የከረመን ፌስታል በጣት ቢነኩት እየተፈረፈረ ይረግፋል፤ ያደረቀው የደጋው ፀሐይ ነው። ሌላው ምንጭ ልብስ ነው። የፖሊስተር ሹራብ ወይም የአክሪሊክ ብርድ ልብስ በታጠበ ቁጥር በዓይን የማይለዩ ክሮችን ያራግፋል፤ ወንዝ ዳር ከታጠበ ክሩ በቀጥታ ውኃው ውስጥ ይገባል።

ደፍርሶ የመጣ ወንዝ ግድብ ሐይቅ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል። መጀመሪያ አሸዋው፣ ቀጥሎ ደለሉ፣ ከደለሉም ጋር ከባዱ ፕላስቲክ ልክ እንደ ጠላ አተላ ይዘቅጣል። ፖሊስተር ከውኃ ስለሚከብድ ቶሎ ይሰምጣል። ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን ግን ከውኃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ ቆይቶ አልጌና ጭቃ ሲለብስ እሱም ይከብድና ይወርዳል። ጊዜ እንደሆነ ሞልቷል፦ የሕዳሴ ግድብ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ፣ ዓባይ እዚያ ቦታ ላይ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ የሚያመጣውን ያህል ነው።

ስለዚህ ከግድቡ በታች የሚፈሰው ውኃ ከገባው ይልቅ የጠራ ይሆናል። ይህን አይቶ ግድብ ወንዝን ያጸዳል የሚል ይኖራል፤ ግን ፕላስቲኩ አልጠፋም፣ ቦታ ለወጠ እንጂ። በጋ ላይ የሐይቁ ውኃ ሲጎድል ዳር ዳሩ ያለው ደለል ይገለጣል፤ በቀጣዩ ክረምት ጎርፍ ሲያምሰው ቅንጣቶቹ እንደገና ይነሣሉ። የታችኛው በር ተከፍቶ ደለል ሲጠረግም አብረው ይወጣሉ። አዋሽ ላይ በ1952 ዓ.ም. ያለቀው የቆቃ ግድብ ደለል ምን ያህል ቦታ እንደሚወስድ አሳይቶናል፤ የዛሬው ደለል ደግሞ ፕላስቲክ የተቀላቀለበት ነው።

በደለሉ ውስጥ የሚመገብ ዓሣም አብሮ ይውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዝዋይ ሐይቅ አራት የዓሣ ዝርያዎች ላይ በታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ዓሦች ሲሶ ያህሉ ሆድ ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል።

ግድብ ሥር የተኛን ቅንጣት ከጭቃ ለይቶ ማውጣት የሚያዋጣ ሥራ አይደለም፤ ሲያዝ የሚቀለው ገና ሙሉ ፌስታልና ሙሉ ሃይላንድ ሳለ፣ ከተማ ውስጥ ነው። ሕጉ በ1999 ዓ.ም. ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል አግዷል። ለበሬሳ ግን ከአዋጁ እኩል የሚያስፈልገው ሰኔ ሳይገባ የሚጠረግ ቦይ ነው፤ የመጀመሪያው ጎርፍ በጋውን ሙሉ የተጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ጠራርጎ ይወስዳልና።