የጦና ንቦች እና የ11 ሜትሩ ኢላማ

እ.ኤ.አ በ2024 ከፓሪስ ኦሊምፒክ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ፎቶ የሩጫም የዋናም አልነበረም። አንድ የ51 ዓመት ቱርካዊ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ የዘወትር መነፅሩን እንዳደረገ፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ በሽጉጥ ያልማል። ሌሎቹ ልዩ መነፅርና የዓይን መከለያ ደርድረው ሲቀርቡ እሱ ጎረቤት ቤት ቡና ሊጠጣ የወጣ ነው የሚመስለው። ዩሱፍ ዲኬች ይባላል። ከአገሩ ልጅ ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር ሆኖ በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ድብልቅ ውድድር የብር ሜዳሊያ ይዞ ተመልሷል።

10 ሜትር ሲባል ቅርብ ይመስላል። ነገር ግን የዚህ ውድድር ኢላማ መሀል ላይ ያለችው፣ 10 ነጥብ የምታሰጠው ክብ ስፋቷ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ከሸሚዝ ቁልፍ አትበልጥም። በግል ውድድር ተወዳዳሪው በአንድ እጁ ብቻ ይዞ በ75 ደቂቃ ውስጥ 60 ጊዜ ይተኩሳል። ከቁልፏ አንዴ ወጣ ካለ፣ ያቺ አንድ ጥይት የአራት ዓመት ልፋቱን ይዛበት ልትሄድ ትችላለች።

ኳስ አፍቃሪው ይህን ርቀት በደንብ ያውቀዋል። ከሪጎሬዋ ነጥብ እስከ ግቡ መስመር 11 ሜትር ነው፤ ከሽጉጡ ውድድር በ1 ሜትር ብቻ ይበልጣል። ልዩነቱ ያለው ኢላማው ላይ ነው። የኳስ ተጫዋቹ ኢላማ 7 ሜትር ከ32 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ከ44 ከፍታ አለው፤ የጭነት መኪና ያለ ችግር ያስገባል። ቢሆንም ባጅዮ በ1994 የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ ወደ ሰማይ ልኳታል፣ ጆን ቴሪ በ2008 ሞስኮ ላይ ተንሸራቶ ብረቱን መትቷል። ቁልፍ የሚያህል ነገር የሚመታ ሰው ባለበት ዓለም የጭነት መኪና በር እንዴት ይሳታል? ግብ ጠባቂ አለ ቢባልም ባጅዮም ሆነ ቴሪ ግብ ጠባቂ አዳነባቸው አይባልም። የሳታቸው ሌላ ነገር ነው። ልብ ይባላል።

ተኳሾቹ ይህንን ቀድመው ገብቷቸዋል። የሽጉጥ ተኩስ አሰልጣኞች ከሁሉ በፊት የሚያስተምሩት አቋቋምንና አተነፋፈስን ነው። ቃታው በጣት አይመነጨቅም፣ ቀስ ተብሎ ይጨመቃል። ጎበዞቹ በሁለት የልብ ምት መሀል ባለችው ፋታ ይለቁታል ይባላል። ልብ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ለማወቅ የሰሜን ኮሪያውን ኪም ጆንግ ሱን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ በ2008 ቤጂንግ ላይ በሽጉጥ አንድ ብርና አንድ ነሐስ አግኝቶ ሁለቱንም ተነጠቀ። የተገኘበት መድኃኒት ጡንቻ የሚያፈረጥም አልነበረም፤ የልብን ምት የሚያረጋጋና የእጅን መንቀጥቀጥ የሚቀንስ ፕሮፕራኖሎል ነበር። በዚህ ስፖርት ዶፒንግ ማለት ፍርሃትን ማስታገስ ነው።

እንግዲህ ወደ አገር ቤት እንምጣ። በእኛ ዘንድ ሽጉጥ በስፖርትነቱ ብዙም አይታወቅም፤ የክልል ቡድኖች በኢላማ ተኩስ ሻምፒዮና ሲፋለሙ ለማየት ስታዲየም የሚሞላ ደጋፊም የለንም። ነገር ግን ከወላይታ ሶዶ የተነሳ አንድ ቡድን በዘጠኝ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ በኢላማ ተፈትኖ ሁለቱንም አልፏል። አንዱ የአገር ውስጥ ዋንጫ ላይ፣ ሌላው ካይሮ ላይ።

ወላይታ ድቻ በ2001 ዓ.ም የተመሰረተ ክለብ ነው። ከታች ጀምሮ እየተንደረደረ በ2006 ዓ.ም ፕሪምየር ሊጉን ተቀላቀለ። ደጋፊው «የጦና ንቦች» ይላቸዋል፤ ስሙ የመጣው እስከ 1887 ዓ.ም ዘመቻ ድረስ ወላይታን ከገዛው ከመጨረሻው ንጉሥ ከካዎ ጦና ነው። እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስና ቡና የአዲስ አበባ ገበያና የአሥርት ዓመታት ታሪክ የሌለው፣ የአንድ ዞን ሕዝብ በስሙ የሚምልበት ቡድን ነው። ሊጉን እንደገባ ብዙ ሰው ዓመት ቆይቶ ይመለሳል ብሎ ነበር። አልተመለሰም። ያም ሆኖ በ2009 ዓ.ም የኢትዮጵያ ዋንጫ ፍፃሜ ላይ ሲደርስ ተገማቹ እሱ አልነበረም።

ተጋጣሚው ማን ነበር? መከላከያ። ዛሬ የጥንት ስሙን መልሶ መቻል የሚባለው የሠራዊቱ ክለብ። መደበኛው ጨዋታ አሸናፊና ተሸናፊ ሳይለይ አለቀና ወደ መለያ ምት ተገባ። ነገሩ ቀልድ አያጣም። ስሙ ከጠመንጃ ጋር የተቆራኘ የወታደር ቡድን ከሶዶ የመጡ ልጆች ጋር በኢላማ ተወዳድሮ ተሸነፈ። ድቻ ዋንጫውን አነሳ፤ ከዋንጫውም ጋር የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ትኬት ተቆረጠለት። ለመከላከያም ፍትሐዊ ለመሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ዋንጫውን የራሱ አድርጎ ቁጭቱን ተወጥቷል።

በ2010 ዓ.ም የካቲት ላይ ድቻ የአህጉሩን በር ያንኳኳው በዛንዚባሩ ዚማሞቶ ነው። የክለቡ ስም በስዋሂሊ እሳት አጥፊ ማለት ነው። ከሜዳው ውጪ 1 ለ 1፣ በሜዳው 1 ለ 0 ብሎ አለፈ። «በሜዳው» ሲባል ግን ሶዶ አይደለም። የጦና ንቦች የአፍሪካ ጨዋታቸውን የሚያደርጉት ሀዋሳ ላይ ነበር። ከሶዶም፣ ከቦዲቲም፣ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከተበላም ቡድኑን በሜዳው ለማየት መንገድ መግባት የግድ ነበር።

ከዚያ ዛማሌክ መጣ። የአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግን አምስት ጊዜ ያነሳ፣ የአንድ ተጫዋቹ ዋጋ ድቻን ከነአውቶብሱ ይገዛል የሚባልለት የካይሮ ኃያል። የድቻ ስብስብ ውስጥ የውጭ ስም ካለው አንዱ የቶጎው አጥቂ ጃኮ አራፋት ነበር፤ ሌላው አብዛኛው የአገር ልጅ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ሀዋሳ ላይ ድቻ 2 ለ 1 አሸነፈ። ያኔም ቢሆን የመዲናዋ ኳስ ተንታኝ ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነበር። «አገባባቸው፤ ካይሮ ላይ ይጨርሱላቸዋል።» ምክንያት አልነበረውም አይባልም። ከሜዳ ውጪ የገባች ጎል ትልቅ ዋጋ ባላት በዚያ ዘመን ዛማሌክ ካይሮ ላይ 1 ለ 0 ቢያሸንፍ ያልፋል። አንዲት ጎል ብቻ!

የመልሱ ጨዋታ መጋቢት 2010 ዓ.ም ካይሮ ላይ ተደረገ። ዛማሌክ ሁለት አገባ። ድቻ ግን ባዶ እጁን አልቀረም፤ አንድ አገባ። ብዙ ሰው ይህን ድል ሲያወራ ይህቺን ጎል ይረሳታል። ያለ እሷ መለያ ምት የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። 2 ለ 1 እና 2 ለ 1፣ በድምሩ 3 ለ 3፣ ከሜዳ ውጪ የገቡትም እኩል። በአፍሪካ ክለቦች ውድድር ደግሞ በዚህ ጊዜ ጭማሪ ሰዓት የለም፤ 90ው ሲያልቅ ቀጥታ ወደ ነጥቧ።

ያን ቀን ከ11 ሜትር ድቻ 4፣ ዛማሌክ 3 አስቆጠሩ።

የአምስት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን በሜዳው፣ በመጀመሪያ ዙር፣ ዕድሜው አሥር ዓመት ባልሞላ ክለብ ከውድድር ወጣ። ከሁምቦ ወረዳዋ ከተማ ስም ጋር መጫወት ያማረው ቀልደኛ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል፤ ዛማሌክ ተበላ።

ከዚህ በኋላ የመጣው አስተያየት ነው የሚያነጋግረው። ገሚሱ የስፖርት ቤተሰብ ከደስታው ሳይወርድ «ሪጎሬ እኮ ዕድል ነው» ማለት ጀመረ። የሎተሪ ያህል። ይህ አባባል ለተሸናፊ ማፅናኛ ሊሆን ይችላል፤ ለአሸናፊው ግን ስድብ ነው። ዲኬች ኪሱ ውስጥ እጁን የከተተው ዕድሉን ለመፈተን ሳይሆን አቋቋሙን አጥንቶ ነው። አንድ ቡድን በዘጠኝ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ለዋንጫ፣ አንዴ ለታሪክ ቆሞ ሁለቱንም ሲያሸንፍ ዕድል ብቻውን አይበቃም። ዕድል የለበትም ማለት አይደለም። ግብ ጠባቂው በየትኛው ጎን እንደሚወድቅ ማንም አያውቅም። ነገር ግን ከግማሽ ክበቡ ተነስቶ እስከ ነጥቧ ድረስ ያለው ጉዞ፣ ኳሷን ማስቀመጡ፣ የዳኛውን ፊሽካ ሰምቶ ትንፋሽ መውሰዱ፣ ይህ ሁሉ በተጫዋቹ እጅ ያለ ነገር ነው።

እንግሊዞች ይህን ለመረዳት ሃያ ምናምን ዓመት ፈጅቶባቸዋል። በ1990፣ በ1996፣ በ1998፣ በ2004፣ በ2006፣ በ2012 በትልልቅ ውድድሮች በመለያ ምት ተሰናብተዋል። በ1996 የሳተው ጋሬዝ ሳውዝጌት አሰልጣኝ ሆኖ ሲመጣ ነገሩን እንደ ሥራ ያዘው። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ጌየር ዮርዴት ደግሞ ፊሽካው እንደተነፋ የሚጣደፍ መቺ ይበልጥ እንደሚስት፣ እንግሊዞችም ከሁሉ በላይ ጥድፊያ እንደሚያበዙ ቀድሞ አሳይቶ ነበር። ስለዚህ ልጆቹ ፋታ መውሰድን ተለማመዱ። ውጤቱ ድቻ ካይሮ ላይ ታሪክ በሠራበት በዚያው እ.ኤ.አ 2018 መጣ። እንግሊዝ በዓለም ዋንጫ ኮሎምቢያን በመለያ ምት አሸነፈች። ውጤቱ 4 ለ 3 ነበር፤ የካይሮውም እንደዚያው።

ለእኛ ጉዳዩ የቅርብ ቁስል አለው። በ2005 ዓ.ም ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለስ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጥሞ ገና በጊዜ ፍፁም ቅጣት ምት አገኘ። ሳላዲን ሰይድ መታት፣ ግብ ጠባቂው ሙዌኔ አዳነባት። አዳነ ግርማ በኋላ አቻ ባያደርገን ኖሮ ያቺ ኳስ ዛሬም ታንቀን ነበር። ከናይጄሪያ ጋር ደግሞ በተቃራኒው ሁለት ሪጎሬ ተሰጠብን። ቪክተር ሞሰስ ሁለቱንም አገባ፤ በሁለተኛው ግብ ጠባቂያችን ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጥቶ፣ ቅያሪ አልቆብን፣ የመሀል ተጫዋቹ አዲስ ህንፃ ጓንት አጥልቆ ቆመ። ሞሰስ አልቸኮለም። ያን ምሽት ያየ ሰው 11 ሜትር ምን ያህል ሊረዝምና ምን ያህል ሊያጥር እንደሚችል ያውቃል።

ተኳሽ እንዴት እንደሚሠራ ማየት የፈለገ ሕንድን ይመልከት። እዚያ ክልሎች በየዓመቱ ለብሔራዊ የተኩስ ሻምፒዮና ቡድን ይልካሉ። እ.ኤ.አ በ2017 ከሀሪያና ክልል የመጣች ገና 16 ዓመት ያልሞላት ማኑ ባከር የምትባል ልጅ በዚህ ሻምፒዮና ዘጠኝ ወርቅ ጠራርጋ ሄደች። ከዚያ ቶኪዮ ላይ በማጣሪያው መሀል ሽጉጧ ተበላሸባትና እያለቀሰች ወጣች። ፓሪስ ላይ ተመልሳ በሽጉጥ ሁለት ነሐስ አገኘች። ኦሊምፒክ ከመድረሷ በፊት የክልሏን ማሊያ ለብሳ ስንት ሺህ ጊዜ ቃታ እንደሳበች መገመት አይከብድም። ልብ የሚሰለጥነው እዚያ ነው፤ ሰው እያየ፣ ውጤት እየተመዘገበ፣ ሽንፈትም እየተቆጠረ። የእኛ ክለቦች ልምምድ ሲያልቅ፣ ገሚሱ ማሊያውን ሲያወልቅ፣ እየተሳሳቁ የሚመቷት ሪጎሬ ይህን ታደርጋለች ብሎ ማመን ይከብዳል። ለነገሩ ከሁሉም ርካሹ ልምምድ ይህ ነው። ጥይት አይገዛበትም፤ አንድ ኳስ፣ አንድ ግብ፣ አንድ ግብ ጠባቂ።

የድቻ ጉዞ ከዛማሌክ በኋላ ብዙ አልረዘመም። ወደ ምድብ ለመግባት በተደረገው የመጨረሻ ማጣሪያ የታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ዳሬሰላም ላይ 2 ለ 0 አሸነፈ። ሀዋሳ ላይ ድቻ 1 ለ 0 ረታ፤ ሌላ አንድ ጎል ቢጨመር ደግሞ ሦስተኛ መለያ ምት ይመጣ ነበር። አልመጣም።

ዛማሌክስ? በዚያው ኮንፌዴሬሽን ካፕ በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ እስከ ፍፃሜ ደረሰ። ከሞሮኮው በርካኔ ጋር ደርሶ መልስ 1 ለ 0፣ 1 ለ 0 ተሸናንፈው ወደ ነጥቧ ሄዱ። እ.ኤ.አ ግንቦት 2019 ነበር። አምስት ነጭ ለባሾች መቱ፤ አምስቱም አገቡ። ዋንጫው ካይሮ ገባ።