«የትኛው ብዙ ዞረ?» — አንግልን ለሕፃናት ስለ ማስተማር

እንደሚታወቀው ሁሉ አንግል ማለት ከአንድ ነጥብ የሚነሡ ሁለት ጨረሮች የሚፈጥሩት መከፈት ነው። ይህን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስገልበጥ ቀላል ነው፤ ሕፃኑ ምን ያዘ? ብለን ብንጠይቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የተለመደው አጀማመር «አንግል ማለት ማዕዘን ነው» የሚለው ነው። ማዕዘን በአማርኛችን የቤት ጥግ ነው። ከዳባት ወይም ከደባርቅ ገጠር የመጣ ልጅ ደግሞ ያደገው በክብ ጎጆ ሊሆን ይችላል፤ ክብ ቤት ማዕዘን የለውም። እዚሁ ጎንደር ዓጼ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዓመት ያሠሩትን ግንብ እናሳይ ብንል እንኳ፣ በአራቱም ማዕዘን ክብ ማማ ስለ ቆመ ከውጭ ለሚያይ ልጅ ጥጉ ተሸፍኗል። በር የሌለው ቤት ግን የለም። ስለዚህ ከበር ብንጀምር ይሻላል እንላለን። ገርበብ ሲል ትንሽ አንግል፣ ወለል ብሎ ሲከፈት ትልቅ አንግል።

ዋናው ችግር ማወዳደሩ ላይ ነው። እኩል የተከፈቱ ሁለት አንግሎች ሥለን የአንዱን መሥመሮች ብናስረዝም፣ ብዙ ሕፃናት ረጅሙን «ይበልጣል» ይላሉ። ሞኝ ሆነው አይደለም እኮ! «የቱ ይበልጣል?» ሲባል ዓይን ርዝመት ይፈልጋል። «አፉ የሰፋው የቱ ነው?» ማለትም አያዋጣም፤ መሥመሩ ሲረዝም የጫፎቹ ርቀትም ይሰፋልና። «የትኛው ብዙ ዞረ?» የሚለው ጥያቄ ግን ርዝመትን አይነካም። ይህ ሳይለይ ፕሮትራክተር የተሰጠው ልጅ ቁጥሩን ቢያነብም ምን እንደ ለካ አያውቅም።

ለዚህ ሰዓት ጥሩ መርጃ ነው። ልክ 3 ሰዓት ሲሆን የግድግዳውንና የእጁን ሰዓት ጎን ለጎን እናሳይ። የአንዱ ዘንግ ስንዝር፣ የሌላው ጥፍር ቢያክልም መከፈታቸው አንድ ነው፤ ማዕዘናዊ አንግል፣ 90 ዲግሪ። (ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ተሞልቶ 9 ላይ ቢያሳይም ግድ የለም፣ በዚያም በኩል ያው 90 ነው።)

ሰዓት በሌለበት ወረቀት ይበቃል። ጠርዙ የተቀዳደደም ቢሆን አንዴ ማጠፍ፤ ከዚያ የመጀመሪያው እጥፋት በራሱ ላይ ልክ እንዲገጥም አድርጎ እንደገና ማጠፍ። የተገኘው ጥግ ማዕዘናዊ አንግል ነው። ልጁ ይህን ይዞ የደብተሩን፣ የዴስኩን፣ የመስኮቱን ጥግ ይለካ፤ የሚያንሰውን «ሹል»፣ የሚበልጠውን «ዝርጥ» ይበል። ከዚያ አንዱ ልጅ ከጋዜጣ፣ ሌላው ከከረሜላ ወረቀት ያጠፈውን ጥግ በጥግ ያነባብሩ። ልክ ይገጥማል።