የቀጥቃጭ ዕቃ በሚዛን ብቻ አይገዛም

መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚገባ ሰው ከሩቅ የሚሰማው የመዶሻ ድምፅ ነው። ቁራሌዎች ከየሰፈሩ የሚለቅሙት አሮጌ ብረት እዚህ እንደገና ዕቃ ይሆናል። ማረሻና መጥረቢያ ለክፍለ ሀገር ገበያ የሚገዛ ነጋዴ ግን አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል፤ በመልክም በክብደትም አንድ የሆኑ ሁለት ማረሻዎች በጥራት የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቁ ይችላሉ።

ምክንያቱ ብረቱ ነው። አንዱ ከመኪና ባሌስትራ፣ ሌላው ከሕንፃ ፌሮ የተቀጠቀጠ ሊሆን ይችላል። ባሌስትራ 0.6 ከመቶ ገደማ ካርቦን አለው። ተራው ፌሮ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የዚህን ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ነው። ባሌስትራው ግሎ ሲነከር ይጠነክራል፤ ፌሮው ግን ቢነከርም እምብዛም አይለወጥም፣ ድንጋያማ መሬት ላይ ቶሎ ይዶለዱማል።

መንከር ብቻውንም አይበቃም። ተነክሮ የቀረ ባሌስትራ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ ቀጥቃጩ በመጠኑ መልሶ ያሞቀዋል፤ ሙቀቱን የሚለካውም በዓይኑ ነው። የጸዳው ብረት ገለባ ሲመስል 220፣ ሰማያዊ ሲሆን 300 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል። ገለባው ለቢላዋ፣ ሰማያዊው ምት ለሚበዛበት መሣሪያ ይስማማል።

ለጌጠኛ የግቢ በርና ለበረንዳ የሚፈለገው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚጠመዘዘውና የሚጠቀለለው ለስላሳው ብረት ነው። በእጅ የተቀጠቀጠ ጥቅልል ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል፤ ቆርጠው አጣመው የበየዱት ግን ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ብየዳው ነውር የለበትም፤ ነውሩ በቀጥቃጭ ሥራ ዋጋ መሸጡ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሞረድ የዕቃውን ስለት እንደ ልብ ከነከሰው ስለቱ ለስላሳ ነው፤ ካንሸራተተው ጠንካራ ነው። በሞላ ሲነካ የባሌስትራ ብልጭታ አጭርና ባለብዙ ቅርንጫፍ ሲሆን፣ የለስላሳው ብረት ረጅምና ቅርንጫፉ ጥቂት ነው።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን በሙያው መስደብን ከልክለው ነበር። ዛሬ ሙያውን የሚያዋርደው ስድብ ብቻ ሳይሆን የገዢው ሚዛንም ነው። ባሌስትራ ለመዶሻ ይከብዳል፣ ጊዜና ከሰል ይፈጃል። ሁለቱ በአንድ ዋጋ ከተሸጡ ቀጥቃጩ ወደ ፌሮው ያዘነብላል፤ ጥሩው ዕቃም ከገበያ ይጠፋል። ኪሳራው መጀመሪያ የሚደርሰው በእርሻ ወቅት ማረሻው ከዶለዶመበት ገበሬ ላይ ነው። ቀጥሎ ግን ያው ገበሬ ለከርሞ ከማይመለስበት ነጋዴ ደጃፍ ይደርሳል።