የማን እርከን ነው?

መርጡለ ማርያም የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ከተማ ናት፤ ከከተማዋ ወጣ ሲሉ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ተዳፋት ላይ የድንጋይ እርከን በሁለት መንገድ ሊካብ ይችላል። አንደኛው መሠረቱ ተቆፍሮ፣ ትልልቁ ድንጋይ ከሥር ተቀምጦ፣ ክፍተቱ በጠጠር ተወትፎ፣ ካቡ ወደ ዳገቱ ዘንበል ብሎ ነው። ሁለተኛው ድንጋዩን ሳር ላይ ደርድሮ መሄድ ነው። በጥር ሲለካ ሁለቱም ያው ሜትር ናቸው፤ ሐምሌ ላይ ግን አንዱ አፈሩን ይዞ ይቆማል፣ ሌላው ከነድንጋዩ ገደል ይገባል። ሁለቱንም የሚክበው ያው ገበሬ ነው፤ ሙያውም ጉልበቱም ያው ነው። ሰውን ለሥራ የሚያነሳሳው ምን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው ከዚህ ልዩነት ቢጀምር ይሻለዋል። እኔ እንደሚገባኝ ሰው ከአንጀቱ የሚሠራው የድካሙ ፍሬ የራሱ መሆኑን ሲያምን፣ በአሠራሩም ላይ ቃሉ ሲሰማ ነው። ትእዛዝና ክፍያ ብቻቸውን የሚያስገኙት ሜትሩን ነው።

ይህን አገሪቱ በውድ ዋጋ ሞክራዋለች። በ1970ዎቹ ደርግ የዓለም የምግብ ፕሮግራም በሚሰጠው እህል በገበሬ ማኅበራት በኩል ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር እርከን አሠርቷል። የቀን ሥራ ዋጋው 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ነበር። በ1983 መንግሥት ሲወድቅ በየቦታው እርከኑ ፈረሰ፣ የማኅበር ተብሎ የተተከለው ዛፍም ተቆረጠ። በጊዜው ብዙዎች ይህን ከገበሬው አላዋቂነት ቆጠሩት። ገበሬ ግን አፈሩ እየሄደ መሆኑን ከማንም በፊት ያውቃል፤ ሃንስ ሁርኒ የተባሉት የስዊዝ ተመራማሪ ከኢትዮጵያ የእርሻ ማሳ በዓመት በአማካይ ከሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ሲገምቱ፣ ገበሬው ደግሞ የአባቱ ማሳ ሲሳሳ እያየ ኖሯል። ያፈረሰው የማኅበሩን፣ የሹሙን፣ የእህሉን እርከን ነው። የእሱ አልነበረማ።

በጎጃም ይህ ጥርጣሬ የቆየ ሥር አለው። በ1960 ዓ.ም. ገበሬው በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ያመፀው በገንዘቡ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ግብሩ መሬቱን ለማስለካትና ርስቱን ለመንጠቅ የመጣ ነው ብሎ ስለሰጋ ጭምር ነው። ከዚያም በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲሸነሸን፣ በቀደሙት መንግሥታት ሹም ነበሩ ተብለው «ቢሮክራት» የተባሉ አባወራዎች ከሌላው ያነሰ ድርሻ ተሰጥቷቸው የቀረው ተወሰደባቸው። ማሳውን አሳምሮ የያዘም ያልያዘም እኩል በገመድ ሥር ወደቀ። ነገ ሌላ ለሚያርሰው መሬት ዛሬ መሠረት ቆፍሮ የሚክብ ማን አለ? ክልሉ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ፣ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድ ገጽ ሲሰፍር፣ ነገሩ መለወጥ ጀመረ። በምሥራቅ ጎጃም ቀበሌዎች የተካሄደ ጥናት ደብተር ከተሰጠ በኋላ ገበሬዎች በአፈር ጥበቃ ላይ የሚያውሉት ድካም መጨመሩን አሳይቷል። ስንዴም ዘይትም አልተከፈላቸውም። የተጨመረላቸው እምነት ነው።

የድሮው የአብሮ መሥራት ሥርዓታችንም ይህን ያውቅ ነበር። በወንፈል ዛሬ ለጎረቤቴ ያጨድኩት አንድ ቀን ለእኔ አንድ ቀን ሆኖ ይመለሳል። በደቦ ባለቤቱ ጠላውንና እንጀራውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ አብሮ ያጭዳል፣ ያመሰግናል፤ ጎበዙም በስሙ ይጠራል፣ ይወደሳል። ደቦም ይሉኝታ አለበት፣ ይሉኝታ ደግሞ ግዴታ ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የሴቶቹ የጓዳ ድካምም ብዙ ጊዜ አይቆጠርም። ነገር ግን ያ ግዴታ ሁለት አቅጣጫ አለው፤ ዛሬ የጠራኝን ነገ እኔ እጠራዋለሁ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየበጋው በሚካሄደው የተፋሰስ ዘመቻ የሚጠራው ሰው ግን የጠራውን መልሶ ሊጠራው አይችልም። ዘመቻው ብዙ ተራራ አልብሷል፣ ይህን አልክድም። ዕቅዱ በሄክታር ወርዶ ሪፖርቱ በሄክታር የሚወጣበት ቦታ ግን ሳር ላይ የተደረደረው ድንጋይም ከካቡ እኩል ይቆጠራል።

«ችግረኛ ሕዝብ ላይ ስለ ክብር አታውራ፤ ክፈለው፣ ይሠራል» የሚለውን መቃወሚያ አቅልዬ አላየውም። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ ሲል፣ ከዚያ በፊት ሰዎች በምን ይኖሩ እንደነበር ማሰብ ያማል። የራበው ሰው ልቡ ሥራው ላይ አይሆንም። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ በ1950ዎቹ መጨረሻ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ይረዳናል፤ ደመወዝ ሲያንስ ቅሬታ ይወልዳል፣ ሲበቃ ቅሬታውን ያነሳል፣ የሥራ ፍቅርን ግን በራሱ አይወልድም። ተገቢ ክፍያ የማይቀር ዕዳ ነው። መክፈል ግን የካቡን መሠረት አያስቆፍርም።

ሌላው መቃወሚያ ይከብዳል፦ ጎርፍ ድንበር አያውቅም፣ የላይኛው ማሳ ካልተካበ የታችኛው ልፋት ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ መነሳት አለበት፣ ያለ አዛዥ ደግሞ አይሆንም። በአንድ ጊዜ መነሳቱ ልክ ነው። ደምበጫ አካባቢ በአንጀኒ በ1976 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ተፋሰሱ በሙሉ በአፈር እርከን ተያዘ። እርከኑ ዓመት በዓመት እየተጠገነ አፈር ሲጠራቀምበት ደረጃ ሠርቷል፣ ዛሬም ይታረስበታል። እዚያ አዛዥ አልነበረም አልልም። ግን ለዓመታት ጎርፉንና ምርቱን ማሳው ላይ ቆሞ የሚለካ ሰው ነበር፤ ገበሬውም የልፋቱን ውጤት በገዛ ማሳው አይቷል። የዘመቻ ቡድን ደግሞ ሜትሩን ለክቶ ይሄዳል።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው የወጣቱ ነገር ነው። መሬት ከተሸነሸነ በኋላ የተወለደ ጎረምሳ ደብተር የለውም፤ በየዓመቱ ጥር ላይ ግን አካፋ ይዞ የሰው ማሳ ላይ እንዲወጣ ይጠራል። ይህን ልጅ ሰነፍ ከማለት በፊት ምን እንደሚደርሰው መጠየቅ ይገባል። ከከብት ንክኪ ተከልሎ ያገገመ ተራራ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ለንብ ማነቢያና ሳሩን እያጨዱ ለከብት ማድለቢያ የተሰጠባቸው ቦታዎች አሉ። መርጡለ ማርያም ዙሪያም ዘመቻው ከመጠራቱ በፊት፣ ሜትሩ ከመታቀዱ በፊት፣ በመስከረም እርከኑ ላይ የሚበቅለውን ሳር የሚያጭደው ማን እንደሆነ በቀበሌው ጉባኤ በስም ይጻፍ።